«ቱቦው ወጥቷል» ያሉት ጋሼ፦ የስቴንት ታካሚ ይዞት የሚወጣው ወረቀት ምን ይጎድለዋል?

ከሆስፒታል ስወጣ የተሰጠኝ ወረቀት ሆዴ ውስጥ ስለቀረው ዕቃ የሚናገረው በሦስት መስመር ነው። አንደኛው መስመር፦ «በግራ በኩል ዲጄ ስቴንት ገብቷል»። ሁለተኛው፦ «ብዙ ውሃ ይጠጡ»። ሦስተኛው፦ «ከ4 ሳምንት በኋላ ይመለሱ»። ከዚያ ማኅተም፣ ፊርማ፣ አለቀ። የታዘዘልኝ መድኃኒት ስምና አወሳሰድ እንኳ ከዚህ የሰፋ ቦታ ወስዷል።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ወረቀት ትችት ነው። የመጽሐፍና የፊልም ትችት ለለመደ ሰው የሦስት መስመር ወረቀት መተቸት ሊያስቀው ይችላል። ግን እስቲ አስቡት፤ ይህን ወረቀት ያህል በጥንቃቄ የሚነበብ ጽሑፍ ስንት አለ? ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሽንቱ ቀይ ሆኖ ያየ ሰው በስልክ መብራት አውጥቶ የሚያነበው እሱን ነው። መልስ ካላገኘበት ወይ ፈርቶ ያድራል፣ ወይ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ወይ ደግሞ «በቃ እንዲህ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። ዝምታው በተለይ።

ሥራዬ ፊዚዮሎጂ ማስተማር ነው። ስለ ሽንት ሥርዓት በየዓመቱ ክፍል ገብቼ አወራለሁ፤ ሥዕል እሥላለሁ፣ ፈተና አወጣለሁ። ያም ሆኖ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያው ሌሊት ሽንት ልሸና ቆሜ፣ ከወገቤ በላይ በግራ ጎኔ ቢላ የገባ ሲመስለኝ ምን እየሆነ እንደነበር ለመገንዘብ ጊዜ ፈጀብኝ። እኔ እንዲህ ከሆንኩ አጠገቤ የተኙት ገበሬ ምን ይሁኑ? ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ዕቃው ምንድን ነው የሚለውን እናንሳ። ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ዩሬተር በሚባል ቀጭን ቧንቧ ነው። ርዝመቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ውስጡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። ጠጠር ሲዘጋው ወይም ጠጠሩ በመሣሪያ ከተሰባበረ በኋላ ግድግዳው ሲያብጥ ሽንቱ መውረጃ ያጣል፣ ኩላሊቱም ይወጠራል። ስቴንቱ ይህን ቧንቧ ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ለስላሳ የፕላስቲክ ወይም የሲሊኮን ቱቦ ነው። ውፍረቱ በአብዛኛው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ጎንና ጎኑ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። እንዳይንሸራተት አንዱ ጫፉ ኩላሊት ውስጥ፣ ሌላው ፊኛ ውስጥ ይጠቀለላል። ሁለቱም ጫፎች የእንግሊዝኛውን «ጄ» ፊደል ስለሚመስሉ «ደብል ጄ» ተባለ፤ ሐኪሞቻችን አሳጥረው «ዲጄ» ይሉታል። ወረቀቱ ላይ «ዲጄ» የሚለውን አንብቦ የሰርግ ሙዚቃ የሚያጫውተው ልጅ ትዝ ያለው ሰው እንዳለ አልጠራጠርም።

ስቴንት የሚለው ቃል ራሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረ ቻርልስ ስቴንት ከሚባል እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም ስም የመጣ ነው። ሰውየው የጥርስ ቅርጽ መውሰጃ ውህድ ነበር የሠራው፤ ከኩላሊት ጋር ምንም አላገናኘውም። ሆድ ሳይከፈት፣ በፊኛ በኩል በመሣሪያ እየታየ ዩሬተር ውስጥ የሚገባ የሲሊኮን ቱቦን ዚምስካይንድና ባልደረቦቹ በ1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጽፈው አሳወቁ። ያኛው ግን ይንሸራተት ነበር። ሁለት ጫፉ የተጠቀለለውን ፊኒ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1978 አስተዋወቀ። ዛሬ እኔና እናንተ ውስጥ የሚገባው በቅርጹ ከዚያ ብዙም አልራቀም። ሽፋኑን ቀይረዋል፣ ፕላስቲኩን ቀይረዋል፣ ጫፉን አቅጥነዋል፤ ከሲሊኮን የተሠሩት በመጠኑ እንደሚሻሉ የሚያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ሕመሙን ከነጭራሹ ያጠፋ ግን የለም።

ለምን አልጠፋም? ይህን ነው ወረቀቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊነግረኝ ይችል የነበረው።

ጤነኛ ዩሬተር ዝም ብሎ እንደ ጎማ ቱቦ የሚያፈስ አይደለም። በደቂቃ ጥቂት ጊዜ እየተኮማተረ ሽንቱን ቁልቁል ይገፋዋል፣ ምግብ በጉሮሮ እንደሚወርደው ማለት ነው። ፊኛው ጋ ሲደርስ ደግሞ ግድግዳውን ሰያፍ አድርጎ ስለሚያልፍ ፊኛው ሲሞላና ሲጨመቅ መግቢያው ይጠፈጠፍና ይዘጋል፤ ሽንት ወደ ላይ አይመለስም። አሁን በዚህ በር መሐል ቱቦ ሰክታችሁ አስቡት። በሩ አይዘጋም። ለመሽናት ፊኛችሁ ሲጨመቅ ግፊቱ ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን በስቴንቱ በኩል ሽቅብ ወደ ኩላሊትም ይሄዳል። ያ ቢላ የመሰለኝ ነገር ይህ ነበር። አዲስ ጠጠር አልነበረም፣ ቀዶ ሕክምናው ተበላሽቶም አይደለም። ሽንት ሲያልቅ ሕመሙም ይቀንሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፊኛ ውስጥ የተጠቀለለው ጫፍ ነው። የሚያርፈው ፊኛው ወለል ላይ፣ ነርቭ በበዛበት ሦስት ማዕዘን ቦታ አካባቢ ነው። ፊኛ የገባውን ዕቃ ከሽንት ለይቶ አያውቅም፤ ሲነካ «ሞልቻለሁ» ይላል። ስለዚህ ከሩብ ሰዓት በፊት ሸንታችሁ እንደገና ያስሮጣችኋል፤ ስትደርሱ ጠብታ ነው። መጨረሻው ላይ ፊኛው ባዶ ሆኖ ቱቦው ላይ ሲጨማደድ ያቃጥላል። ስትቆሙ፣ ስትራመዱ፣ ደረጃ ስትወጡ ኩላሊት ከትንፋሽና ከሰውነት ጋር ስለሚንቀሳቀስ ቱቦውም ይላወሳል፣ ይፈገፍጋል። ሽንቱ ቀላ ይላል። ጋደም ስትሉ ብዙውን ጊዜ ይሻላል፣ ሽንቱም ይጠራል። የአዲስ አበባን ኮብልስቶን በባጃጅ ያለፈ የስቴንት ታካሚ ማስረጃ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ አዲስ ግኝት ቢሆን ወረቀቱን አልከሰውም ነበር። ግን አይደለም። በ2003 ጆሺና ባልደረቦቹ እንግሊዝ ውስጥ ባደረጉት ጥናት ስቴንት ከገባላቸው ታካሚዎች 78 በመቶው የሚያስቸግር የሽንት ምልክት ነበራቸው፤ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የዕለት ኑሮን የሚነካ ሕመም ነበራቸው፤ 58 በመቶው የሥራ አቅማቸው ቀንሷል፣ ገቢያቸውም ተነክቷል፤ 32 በመቶው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ላይ ችግር ገጥሟቸዋል። ከአሥር ሰው ስምንቱ የሚያመውን ነገር «ቀላል ነው፣ ምንም አይልህም» ብሎ መሸኘት ምን ይባላል? እኔን ያሉኝ እንደዚያ ነው። ክፋት አልነበረበትም፤ ሊያጽናኑኝ ነው። ለሐኪሙ በእርግጥም ቀላል ነው፤ ስቴንት ማስገባት የደቂቃዎች ሥራ ነው። አራቱን ሳምንት የሚኖረው ግን ሌላ ሰው ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ለስቴንት ታካሚ ብቻ የተዘጋጀ መጠይቅ አሳትመዋል፤ እስከ ዛሬ በመስኩ ዋናው መለኪያ እሱ ነው። 38 ጥያቄዎች በስድስት ክፍል፦ የሽንት ምልክት፣ የሰውነት ሕመም፣ አጠቃላይ ጤና፣ ሥራ፣ ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ሌሎች ችግሮች። የሕመሙ ክፍል የሰው ምስል አለበት፤ የት እንደሚያምህ ምልክት ታደርጋለህ። አንብቤው «ይኸው! ጠያቂ ተገኘ» ነው ያልኩት። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ታካሚ አነጋግሮ የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። በዚህ እመሰክርለታለሁ።

ነገር ግን ወደ እኛ ኑሮ ስታመጡት የሚያልፋቸው ነገሮች አሉ። የመቀመጫ ሽንት ቤት ላለው ሰው ነው የተጻፈው። ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት ከስቴንት ጋር ምን እንደሚመስል የሚጠይቅ መስመር የለውም፤ ጉልበት ሲታጠፍና ሆድ ሲጨመቅ ቱቦው ፊኛ ውስጥ ይበልጥ እንደሚገፋ እኔ በራሴ አይቻለሁ። ከክፍለ ሀገር ለቀጠሮ የሚመጣ ሰው አውቶቡስ ውስጥ አምስትና ስድስት ሰዓት ሲቀመጥ፣ ረዳቱን «አቁምልኝ» ለማለት ስንት ጊዜ አፍሮ እንደሚተው የሚጠይቅም የለም። ሴት ከሆነች ደግሞ መንገድ ዳር መውረዱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከም፣ ሕፃን ማዘል፣ ስግደት፣ እነዚህ ሁሉ ወገብን የሚያጥፉና የሚያወዛውዙ ናቸው። በሥራ ክፍሉ ያሉት ጥያቄዎች የሚያስቡት ፈቃድ ወስዶ ቤቱ የሚተኛን ሠራተኛ ነው። የቀን ሠራተኛ «ስንት ቀን ከሥራ ቀሩ?» ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው። አልቀረማ! ከቀረ ምን ይበላል? በመጠይቁ መሠረት ዜሮ ማለት ስቴንቱ ሥራውን አልነካውም ማለት ይሆናል። ስለዚህ ይህ መሣሪያ በአማርኛ ሲሠራበት ቃል በቃል መተርጎሙ አይበቃም።

አሁን ወደ ጋሼ። አጠገቤ የተኙት ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጡ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ። ለሁለታችንም በቀዶ ሕክምናው ቀን ሁለት ነገር ተደርጎልን ነበር፦ ውስጥ ስቴንት፣ ውጭ ደግሞ ከሽንት መሽኛው ወጥቶ ከረጢት ላይ የሚያፈስ ካቴተር። በማግስቱ ጠዋት ሲስተር መጥታ ካቴተሩን ነቀለችልን። ጋሼ በጣም ደስ አላቸው። ልጃቸው ሲደውል የሰማሁት ይህን ነው፦ «ተመስገን ልጄ፣ ቱቦው ወጥቷል፤ ነገ እገባለሁ።»

ልብ በሉ፣ አልተሳሳቱም። አንድ ቀን በፊት «ቱቦ ይገባልዎታል» ተብለዋል፤ ቱቦ አይተዋል፤ ቱቦው ወጥቷል። በአማርኛ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን ዩሬተርንም «የሽንት ቱቦ» እንላለን። ከፊኛ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ዩሬትራንም «የሽንት ቱቦ» እንላለን። ካቴተሩም «የሽንት ቱቦ» ነው። ስቴንቱም «ቱቦ»። አራት የተለያዩ ነገሮች፣ አንድ ስም። «የሽንት ቱቦው ውስጥ ቱቦ አስገብተናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለተናጋሪው ፍጹም ግልጽ ነው፤ ለሰሚው ግን ቢያንስ ሦስት ትርጉም አለው። ወረቀታቸው ላይም ያለው «ዲጄ ስቴንት» ነው፤ የትኛውን ቱቦ እንደሆነ የሚያዛምድ የለም።

«ጋሼ፣ ውስጥ ሌላ ቀርቷል እኮ» ስላቸው መጀመሪያ የቀለድኩባቸው መሰላቸው። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አሉ። ነግረዋቸዋል፤ ችግሩም እሱ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ስቴንት ለዘለዓለም የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ አብዛኞቹ ከሦስት ወር በላይ እንዲቆዩ አልተሠሩም። ሽንት ውስጥ የሟሟው ካልሲየምና ሌላው ጨው ላዩ ላይ እየጋገረ ጠጠር ያለብሰዋል፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር። በ1991 ከሳዑዲ አረቢያ የወጣ በጠጠር ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ይህን በቁጥር አስቀምጦታል፦ ከ6 ሳምንት በፊት ከወጡት ስቴንቶች 9.2 በመቶው ጠጠር ለብሰው ተገኙ፤ በ6 እና በ12 ሳምንት መካከል ከወጡት 47.5 በመቶው፤ ከ12 ሳምንት በኋላ ከወጡት 76.3 በመቶው። በነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ የሽንቱ ይዘት ስለሚለወጥ ይህ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ነው ቶሎ ቶሎ የሚቀየርላት።

ትንሽ የለበሰ ስቴንት ሲሳብ ይወጣል። ሁለቱም ጫፉ ድንጋይ የሆነ ግን አይወጣም። ቢጎተት ዩሬተሩን ሊቀድ ይችላል። ስለዚህ ፊኛ ውስጥ ያለውን መሰባበር፣ ኩላሊት ውስጥ ያለውን በጀርባ በኩል ገብቶ መፈለግ፣ አንዳንዴም ሆድ መክፈት ያስፈልጋል። ኩላሊት ለማዳን የገባ ዕቃ ኩላሊት የሚያስወጣበት ጊዜ አለ። አስከፊው ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ከወራት በኋላ ስቴንቱን መልመዱ ነው፤ ሕመሙ ይደበዝዛል፣ የተረሳውም ይበልጥ ይረሳል። ለጋሼ ዓይነት ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ የሚረሳ ነገር የለም፤ ቱቦው ወጥቷላ!

«ከ4 ሳምንት በኋላ ይመለሱ» የሚለው ሦስተኛው መስመር እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያጣው። ለምን እንደሚመለሱ አይናገርም። «ይመለሱ» ማለት በአገራችን ልማድ «ካመመዎት ይምጡ» ማለት ነው። ደህና የሆነ ሰው ሁለት ቀን መንገድ ተጉዞ፣ ለማደሪያ ከፍሎ፣ አጨዳ ትቶ «ደህና ነኝ» ለማለት አይመጣም። ስቴንቱ ሳዑዲ ወይም ዱባይ ገብቶለት ወረቀቱን በዓረብኛ ይዞ አገሩ የገባ ሰው ደግሞ ለማን ይመለሳል? የሚጎድለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ውስጥዎ ያለው ቱቦ እስከዚህ ቀን ድረስ የግድ መውጣት አለበት፤ ባያምዎትም ይምጡ»፤ ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር። እኔ ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ልጁ ወይም ሚስቱ ባሉበት መነገር አለበት። በቤታችን ቀጠሮ የሚያስታውሰው ታማሚው አይደለም።

«ብዙ ውሃ ይጠጡ» የሚለውን ሁለተኛ መስመር ለመተቸት አመነታሁ፤ ምክሩ ትክክል ነውና። ሽንት ሲቀጥን ጨው አይጋገርም፣ ደምም አይረጋም። ነገር ግን «ብዙ» ማለት ስንት ነው? ለጠጠር ታካሚ የተለመደው ምክር በቀን ከ2 ሊትር ተኩል እስከ 3 ሊትር የሚጠጣ ነገር ነው፤ ዓላማው ሽንቱ ቀኑን ሙሉ የገረጣ እንዲሆን ነው። ሥራው ላይ ፀሐይ የሚያልበው ሰው ከዚህም በላይ ያስፈልገዋል። በአንድ ጊዜ ሊትር መጨለጥ ግን ፊኛን በፍጥነት ሞልቶ ያንን የጎን ውጋት ይቀሰቅሳል፤ ቀስ እያሉ ቀኑን ሙሉ ማከፋፈል፣ ከመኝታ በፊት መቀነስ ይሻላል። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት ምክሩን እንደ ወታደር ፈጽሜ ሌሊቱን ሽንት ቤት አሳለፍኩ።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ጾሙ ነው። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው፣ ወይም ረመዳንን እስከ መግሪብ የሚጾም ሰው፣ «ብዙ ውሃ ይጠጡ» የሚለውን ሲያነብ በልቡ «ከጾሙ በኋላ» ብሎ ይጨርሰዋል። ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አላነሳም። ሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው መፍትሔ አላቸው፤ ግን ሐኪሙ «ይጾማሉ ወይ?» ካላለ ታካሚው የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩን የሚያማክርበት ምክንያት መኖሩን አያውቅም። ጥያቄው አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ወረቀቱ ዝም ካላቸው ነገሮች ሁለቱን ደግሞ ላንሳ። አንደኛው የሕመም ማስታገሻ ነው። ለፕሮስቴት የሚታዘዘው ታምሱሎሲን ዓይነት መድኃኒት የዩሬተሩንና የፊኛውን አንገት ጡንቻ ስለሚያላላ የስቴንትን ሕመምና የሽንት ጥድፊያ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል፤ የአውሮፓ ዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያም ይደግፈዋል። ተአምር አይሠራም፤ ያግዛል። ለሴትም ይታዘዛል። ፋርማሲ ሄዳ «ይሄ እኮ የወንድ መድኃኒት ነው» ተብላ የተመለሰች የሥራ ባልደረባ አለችኝ። መጀመሪያ ሰሞን ድንገት ብድግ ሲሉ ሊያዞር ስለሚችል ሐኪም ሳያውቅ የሚጀመር አይደለም፤ ግን «ዶክተር፣ ለሕመሙ የሚረዳ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

ሁለተኛው የሽንት ምርመራው ነው፤ እዚህ ላይ በጣም ብዙ ገንዘብና መድኃኒት ይባክናል። ስቴንት ያለበት ሰው አቃጠለኝ ብሎ ሰፈሩ ያለ ክሊኒክ ይሄዳል። ሽንቱ ይታያል፦ ደም አለ፣ ነጭ የደም ሴል አለ። «ኢንፌክሽን ነው» ይባልና ሲፕሮፍሎክሳሲን ይሰጠዋል። ሳምንት ቆይቶ አሁንም ያቃጥለዋል፤ ሌላ ይሰጠዋል። ነገሩ ግን ስቴንቱ ራሱ በመፈግፈጉ ብቻ ደምና ነጭ የደም ሴል ሽንት ውስጥ ያመጣል። ቱቦው ላይ ባክቴሪያ መጣበቁም የተለመደ ነው፤ ሰውየው ካልታመመ ብዙውን ጊዜ መታከም አያስፈልገውም። ቱቦው እስካለ ድረስ መድኃኒቱ ከላዩ ጠራርጎ አያጠፋውም፤ የሚያተርፈው መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው። የሽንት ካልቸር ትርጉም የሚኖረው ሰውየው በእርግጥ ሲታመም ወይም ስቴንቱ ከመነካቱ በፊት ነው።

በእርግጥ መታመም ማለት ምን እንደሆነ ግን ቁርጥ ተደርጎ መነገር አለበት፤ ምክንያቱም ስቴንት ያለበት ሰው ኢንፌክሽን ሲይዘው በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ በላይ፣ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፣ በማስታገሻ የማይበርድና የማያቋርጥ የጎን ሕመም፣ የረጋ ደም መውጣት ወይም ሽንት ጨርሶ እምቢ ማለት፣ ሽንት ሳይታወቅ ያለማቋረጥ መፍሰስ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። እንደ ሻይ የቀላ ወይም ሮዝ ሽንት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ስትሸኑ የሚወጋ ጎን ግን የስቴንቱ ጠባይ ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ወይ ለሮዝ ሽንት ሮጦ ይመጣል፣ ወይ ለመንቀጥቀጡ ዳማከሴ ጠጥቶ ይተኛል። እኔ ሁለተኛውን እፈራለሁ።

ለፍትሕ ስል የሐኪሞቹንም ወገን ልናገር። አንድ ሰው «ታዲያ ለምን ያስገቡታል?» ሊል ይችላል። ያለ ችግር ለተጠናቀቀ የጠጠር ማውጣት ሥራ ስቴንት ሁልጊዜ አስፈላጊ እንዳልሆነ የአሜሪካም የአውሮፓም መመሪያዎች ይናገራሉ። ይህን ይዞ ሐኪም ላይ መፎከር ግን ቀላል ነው። ዩሬተሩ ካበጠና ሽንት ከቆመ ታካሚው በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንገተኛ ክፍል መድረስ በሚችልበት ከተማ አለማስገባት አንድ ነገር ነው፤ ዩሮሎጂስት በሌለበት ወረዳ ለሚኖር ሰው ሌላ ነው። እኔ የጋሼ ሐኪም ብሆን አስገባለሁ። ጠጠሩ ዘግቶት መግል ለያዘ ኩላሊት ደግሞ ስቴንት ሕይወት ነው፤ ይህ አያከራክርም። አንድ ክፍል ውስጥ ሠላሳና አርባ ሰው የሚያይ ሐኪም ረጅም ማብራሪያ መስጠት እንደማይችልም አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ትችቴ ወረቀቱ ላይ ያረፈው፤ ወረቀት አንዴ በደንብ ከተጻፈ ሐኪሙን ጊዜ አይወስድበትም።

ስለ መውጣቱ ልንገራችሁና ላብቃ፤ ብዙ ሰው ከሁሉም በላይ የሚፈራው እሱን ነውና። እኔም ፈርቼ ነበር። የሚያደነዝዝ ቅባት በመሽኛው በኩል ይደረጋል፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ ይገባል፣ የስቴንቱ ጫፍ ይያዝና ይሳባል። ጠጠር ካልለበሰ ሥራው ራሱ ጥቂት ደቂቃ ነው። ደስ አይልም፤ ግን አይጮህበትም። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ስቴንቱ ላይ ክር ተውተው በቀናት ውስጥ እሱን ስቦ ማውጣት ይቻላል፤ መሣሪያም አያስፈልግም።

ያልተነገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «ወጣ፣ ተገላገልኩ» ብዬ ታክሲ ውስጥ ገባሁ፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የጠጠሩ ጊዜ የነበረው ሕመም ተመልሶ ያዘኝ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ እንደገና ጠጠር ነው ብላ ልትወስደኝ ነበር። ስቴንት ውስጡ ሲቀመጥ ዩሬተሩ መኮማተሩን ይቀንሳል፣ ይለጠጣል፣ ይሰንፋል። ቱቦው ሲወጣ መሥራት ሲጀምር በቁርጠት ነው የሚጀምረው፤ መግቢያውም በመሳቡ ያብጣል። በአብዛኛው በአንድና በሁለት ቀን ይበርዳል፤ አስቀድሞ የሚወሰድ ፀረ ብግነት ማስታገሻ ይረዳል፣ ኩላሊቱና ጨጓራው ለሚችልለት ሰው። ሽንቱም ሁለት ሦስት ቀን ሊቀላ ይችላል። በሦስተኛው ቀን እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳልነሳ አደርኩ፤ ከወር በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስቴንቱን አሳዩኝ ብዬ ነበር። ፊኛ ውስጥ የነበረው ጫፍ ቡናማ ሆኖ አሸዋ የነካው ይመስላል፤ አራት ሳምንት ብቻ። ጋሼ ያን ቀን ቀጠሯቸው ነበር፤ ከልጃቸው ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወረቀታቸውን አጥፈው አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተውታል። ጀርባው ላይ ልጁ በእስክርቢቶ ቀኑን ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። እሳቸው ሲወጡ ሲስተሯን ጠሯትና «እዚህ ላይ ‹ወጥቷል› ብለሽ ጻፊልኝ» አሏት። ካርዱ ላይ ተመዝግቧል ብትላቸውም እምቢ አሉ። ጻፈችላቸው። እኔም የራሴን ዘርግቼ ተሰለፍኩ።